ዘጠኝ ሰዓት በአንድ ኪሎባይት

አባቴ የገዛሁላቸውን ስልክ በጨርቅ ጠቅልለው መለሱልኝ።

«ውሰጅው ልጄ» አሉ። «ከሰው ያጣላኛል።»

ስልኩ ቁልፎቹ ትልልቅ ናቸው። አንዱን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙት ሰዓት ይናገራል ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ። መናገሩንስ ይናገራል። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በፈረንጅ ሰዓት። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ግእዙን እንደ አማርኛ ያውቁታል፣ እንግሊዝኛ ግን አልተማሩም። ያንንም ሊለምዱት ሞክረው ነበር። ያስቸገራቸው ሌላ ነው። ዓይናቸው ስለማያይ ሰዓት ፈልገው ሲነኩት ጣታቸው ሌላ ቁልፍ ያገኝና ለሰው ይደወላል።

«ከማን ጋር ተጣሉ አባዬ?»

«ከዳባቱ ባለባጃጅ። በጸሎቴ መካከል ‹ሃሎ! ሃሎ! የት ልምጣ?› ይለኛል። እኔ አፍሬ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን እውነትም መጣ። ‹አባ፣ ደውለውልኝ ነው› ብሎ ከደጅ ቆመ። ምን ልበለው? ባርኬ ሰደድሁት።»

የወንድሜ ሚስት ከጓዳ ሆና ሳቋን ለቀቀችው። «በባዶ አልሄደም። ቆሎዬን በሁለት እጁ ዘግኖ ነው የሄደ!»

አባቴም ሳቁ። ስልኩን ግን መልሰው አልተቀበሉኝም።

የአባቴ ዓይን ቀስ በቀስ ነው የጠፋው። ሐኪሞቹ የሄደው እንደማይመለስ ነገሩንና የቀረውን ለማቆየት ጠብታ ሰጡን። በኋላ የቀረውም ሄደ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። ዳዊቱን በቃላቸው ያውቁታል፤ ቅዳሴውንም እንዲሁ። «መጽሐፉን ከልቤ ካስገባልኝ በኋላ ነው ዓይኔን የወሰደው። አስቀድሞ ወስዶት ቢሆን ምን እሆን ነበር?» ይላሉ። የጎደላቸው አንድ ነገር ሰዓት ነበር።

የሚኖሩት ከወንድሜ ጋር ነው፣ ከዳባት ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን። እኔ ደባርቅ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ቀን ቀን ወንድሜና ሚስቱ እርሻ ይውላሉ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። አባቴ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ። ምግባቸው ተከድኖ ከጎናቸው ይቀመጥላቸዋል። ውሏቸው በጸሎት ሰዓት የተከፈለ ነው፤ የሦስት ሰዓት፣ የስድስት ሰዓት፣ የዘጠኝ ሰዓት ይላሉ። ፊት ፊት ይህን በፀሐይ ሙቀት ያውቁት ነበር። እግራቸውን ስትነካ ይህን ያህል ነው፣ ጉልበታቸውን ስትለቅ ያን ያህል ነው፤ ብዙም አይሳሳቱም ነበር።

በፍልሰታ ተሳሳቱ። ሳል ይዟቸው ከቤት ቀርተዋል። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፣ ብርድ ነው፣ ፀሐይ የለችም። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ቆዩና መቼም ዘጠኝ ሳያልፍ አይቀርም ብለው አማትበው በሉ። እጃቸውን ሳይታጠቡ የቅዳሴ መግቢያው ደወል ተደወለ፤ ለካ ዘጠኝ ገና ሩቅ ነበር።

የንስሐ አባታቸው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ነው ያዩት። እንዲያውም «ሸምግለዋል፣ መድኃኒትም ይወስዳሉ፤ ጾሙን ልፍታልዎ» ብለዋቸው ነበር። አባቴ እንቢ አሉ።

«አፌን ይፈቱልኛል። ልቤን ማን ይፈታልኛል?»

ከዚያ ወዲህ ፀሐይንም ማመን ተዉ። በጾም ቀን ቤተሰቡ ከእርሻ ተመልሶ «መሸ» እስኪላቸው ድረስ እህል አይቀምሱም። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከምግብ በኋላ ነው የሚወስዱት፤ እርሱም አብሮ ይመሻል። በጥቅምት አንድ ዓርብ የወንድሜ ሚስት ስትመለስ ከደጃፍ ወድቀው አገኘቻቸው። ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ነፍሳቸው መለስ ሲል መጀመሪያ የጠየቋት «ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ነው።

ጤና ጣቢያ ያየቻቸው ነርስ ተቆጣች። መጾሙን አልከለከለችም፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ እንዳይቆዩ አስጠነቀቀችን። ኅዳር ዐሥራ አምስት የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ እስከ ገና ጾም ነው። እየመሸ እየበሉ ከሆነ ለገና እንደማይደርሱ ሁላችንም ገብቶናል።

ስልኩን የመለሱልኝ ቀን እንዲህ ስል ጠየቅኋቸው፦

«ታዲያ ምን ዓይነት ሰዓት ይሻልዎታል አባዬ?»

«የማይለፈልፍ» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ይዤው ብገባ የማይጮህ። ስነካው ብቻ የሚነግረኝ። ቀንና ሌሊቱንም ቢለይልኝ፤ አንዳንዴ ያሸልበኝና ስነቃ የትኛው ሦስት ሰዓት እንደሆነ ግራ ይገባኛል።» አንድ ነገርም ጨመሩ። «ደግሞ ለዘጠኝ ሰዓት፣ ራሱ ቢቀሰቅሰኝ። እየደጋገምሁ ከነካካሁት ጸሎቴ ሰዓት መጠበቅ ይሆንብኛል።»

«እሞክራለሁ» አልኋቸው።

ከኮሌጁ ላቦራቶሪ ቁም ሣጥን ውስጥ ከማስተማሪያ ዕቃ የተረፈች አንዲት ቺፕ ነበረች። ስምንት እግር አላት፤ ከባቄላ ፍሬ ብዙም አትበልጥ። የሰጧትን ትእዛዝ በውስጧ ይዛ ትሠራለች። የምትይዘው ግን አንድ ኪሎባይት፣ ማለት ሺህ ባይት ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ አጭር አንቀጽ ቢገባባት ነው። ሰፋ ያለች ቺፕ ለማግኘት አዲስ አበባ መላክ ያስፈልጋል። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፤ ዕቃ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ጾሙ ደግሞ አይጠብቅም። ላለችኝ ቺፕ አመስግኜ ጀመርሁ።

ከተበላሸ የግድግዳ ዲጂታል ሰዓት ላይ ሰዓት ቆጣሪውን ነቀልሁ። የራሱ ትንሽ ባትሪ ስላለው መብራት ጠፋ መጣ አይለውም። ከሞተ ስልክ ላይ የምትንቀጠቀጠዋን ሞተር ወሰድሁ። ኃይሉ ከሁለት ባትሪ ድንጋይ ይመጣል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አባቴ ቁልፉን ሲጫኑ ቺፕዋ ቆጣሪውን ትጠይቃለች፣ ሞተሯ ሰዓቱን ያህል ጊዜ በእጃቸው ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ሌሊት ከሆነ አስቀድማ አንድ ረዘም ያለ ትጨምራለች። ቀን ዘጠኝ ሲሆን ደግሞ ማንም ሳይነካት ትነሣለች።

ትእዛዙን መጀመሪያ የጻፍሁት ሁላችን በለመድነው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ነበር። በዚያ ሲጻፍ ወደ ቺፕዋ ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፒውተሩ ነው፤ እርሱም እጁ ሰፊ ነው። ሞልቶ ፈሰሰ። ስለዚህ በአሴምብሊ ልጽፈው ወሰንሁ።

አሴምብሊ ማለት ከቺፕዋ ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ነው። ይህን ቁጥር አንሺ። አንድ ቀንሺ። ዜሮ ከሆነ ወደዚያ ዝለይ። ከዚህ የረዘመ ዓረፍተ ነገር የለውም። እያንዳንዷ ትእዛዝ ሁለት ባይት ትወስዳለች፤ ስለዚህ የሚጽፈው ሰው የቃላቱን ዋጋ ያውቃል። እኔ በቤተሰቤም ብዙ አትናገርም የምባል ነኝ። ይህ ቋንቋ ከተማሪነቴ ጀምሮ ይስማማኛል።

በአሴምብሊም ሞልቶ ፈሰሰ፤ በመጠኑ።

አብሮኝ የሚያስተምር ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። «ቲቸር፣ ስለ ሁለት ባይት የሚጨነቅ ሰው ዛሬም አለ? የልጄ አንድ ፎቶ ይህን ቺፕ ሺህ ጊዜ ያሰምጠዋል።»

«አንተ ፎቶህን በሁለት ባትሪ ድንጋይ ዓመት ሙሉ አሳየኝ» አልሁት።

«እሺ፣ ተሸነፍሁ። ሻይ ላምጣልሽ?»

«አምጣ።»

ልጅ ሳለሁ አባቴ የጸሎት መጽሐፍ በብራና ሲገለብጡ አጠገባቸው ተቀምጬ የቀለም ቀንድ እይዝላቸው ነበር። «አቡነ ዘበሰማያት» ከሚለው ጸሎት ላይ ሲደርሱ ሁለቱን ቃል ብቻ ይጽፉና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። በየገጹ እንዲሁ ያደርጋሉ።

«ለምን ሙሉውን አይጽፉትም?» ብዬ ጠይቄአቸው አውቃለሁ።

«ከፊት አንድ ጊዜ ተጽፏል። የሚጸልየው እዚያ ሄዶ ያደርስና ወደዚህ ይመለሳል። ብራናው ፍየል የሞተበት ነው፣ ልጄ፤ እንዲሁ አይባክንም።»

በቺፕዋ ውስጥም እንደዚያው አደረግሁ። ሞተሯን አስነሺ፣ ጠብቂ፣ አቁሚ፣ ጠብቂ የሚለውን ሦስት ቦታ ጽፌው ነበር፤ ለሰዓቱ፣ ለሌሊቱ ምልክት፣ ለዘጠኙ። አንድ ቦታ ብቻ አስቀርቼ ከሌሎቹ እዚያ ሄዳ እንድትመለስ አደረግሁ። ከዚያ ሌላ ነገር አየሁ። አንዱ ክፍል ሥራውን የሚጨርሰው ሌላውን ጠርቶ ከሆነ፣ መጥራትና ከዚያ መመለስ ሁለት ትእዛዝ ነው። «ሂጂ» ብቻ ብላት ይበቃል፤ የሄደችበት ክፍል እርሱ ራሱ ይመልሳታል። ሁለቱን ክፍሎች ከላይና ከታች አገጣጥሜ ሳስቀምጣቸው ደግሞ «ሂጂ» ማለትም ቀረ፤ ውኃ ከእርከን ወደ እርከን እንደሚወርድ ራሷ ትወርዳለች። የሞተሯንም ቆጠራ ገለበጥሁት። ከአንድ ወደ ላይ ስትቆጥር በየጊዜው ደረስሁ ወይ ብላ ማመሳከር አለባት። ከላይ ወደ ታች ስትቆጥር ግን ዜሮ ላይ ስትደርስ ሳትጠየቅ ታውቀዋለች።

ሁለት ባይት በተገኘ ቁጥር «ተመስገን» እላለሁ። ተማሪዎቼ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

ዐሥራ ሁለት ጊዜ መንቀጥቀጥን መቁጠር ያስቸግራል ብዬ በየሦስቱ እረፍት ጨምሬበት ነበር። ወደ ወንድሜ ስልክ ደውዬ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«አርባ አንድ ኪርያላይሶን በመቁጠሪያ ስቆጥር ነው የኖርሁ» አሉኝ። «ዐሥራ ሁለት ያቅተኛል ብለሽ ነው?»

እረፍቱን አውጥቼ ጣልሁት። እርሱም ቦታ ለቀቀ።

ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ ሰዓት መንገሩ ገባ። ቀንና ሌሊት መለየቱም ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሷ የምትነሣበት ክፍል ግን አልገባ አለ። ዋናው ነገር ደግሞ እርሱ ነው። የቀንና የሌሊቱን ልተወው ብዬ አሰብሁ። ያን ጊዜ ዘጠኙ በሌሊትም ይነሣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ብሉ» ብሎ የሚቀሰቅስ ሰዓት ለቄስ አይሰጥም።

እዚያው ላይ እያለሁ ጾሙ ቀረበ። ቅዳሜ ጠዋት ያላለቀውን ሥራ በሐሳቤ ይዤ፣ መድኃኒታቸውን ላደርስላቸው ወደ ዳባት ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ትንሽ እንደሄደ ከፊት የተቀመጠ ኮት የለበሰ ሰው ከመሪው አጠገብ ያለውን ሰዓት አየና ሹፌሩን ጠራው።

«ወንድሜ፣ ሰዓትህ ተበላሽቷል። ሦስት ይላል።»

«ሦስት ሰዓት አይደል እንዴ?» አለ ሹፌሩ።

«ነው። ግን የመኪና ሰዓት የፈረንጅ ነው። ዘጠኝ ነበር ማለት ያለበት።»

«ጋሼ፣ መኪናው ደባርቅ ነው የሚያድረው» አለ ሹፌሩ።

አንዲት ሽንኩርት የያዘች ነጋዴ ከኋላዬ ተቀበለችው። «ተወው ባክህ፣ ወንበሩን ያሰፋው ይመስል ስለ ሰዓቱ ይጨነቃል! አንተ ሰውዬ፣ ቸኩለህ ከሆነ ውረድና በፈረንጅ ሰዓት ሂድ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ። ኮት የለበሰውም ሳቀ። «መቀነሱን ለምጄው ነው» አለ።

ሁሉም ሲስቅ እኔ የክንዴን ሰዓት አየሁ። ዘጠኝ ይላል፤ እኔም ሦስት ብዬ አነበብሁት። ከትምህርት ቤት ጀምሬ እንዲሁ ነኝ። ስድስት መቀነስ፣ አልበቃ ካለ ዐሥራ ሁለት መጨመር፤ እንደ ሥራ አይቆጠርም፣ እንደ መተንፈስ ነው።

ያንኑ በቺፕዋ ላይ ጭኜባት ነበር። ቆጣሪውን በፈረንጅ ሰዓት ሞልቼዋለሁ፤ ስለዚህ እርሷ በየጊዜው ቁጥሩን ታነሣለች፣ ስድስት ትቀንሳለች፣ ካልበቃት ዐሥራ ሁለት ትጨምራለች፣ ቀጥላም ቀን ነው ሌሊት ብላ ታሰላለች። ከፕሮግራሙ ሁሉ ትልቁ ክፍል ይህ ነው። ስንት ጊዜ ከዳር ከዳር ላጨሁት። ለምን እንደተቀመጠ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅሁም።

ቆጣሪው ሀገሩን አያውቅም። ሥራው የሰጡትን ይዞ መቁጠር ነው። እስከ ዐሥራ ሁለት ቆጥሮ እንደገና የሚጀምርበት፣ የመጀመሪያውን ዐሥራ ሁለትና ሁለተኛውን በምልክት የሚለይበት አሠራርም አለው። ንጋት ላይ «ዐሥራ ሁለት ነው፣ የመጀመሪያው ነው» ብዬ ብሞላው፣ የመጀመሪያው ቀን ይሆናል፣ ሁለተኛው ሌሊት። መቀነስ የለ፣ መጨመር የለ፣ ማስላት የለ። የቀን ዘጠኝም ከሌሊት ዘጠኝ የተለየ አንድ ቁጥር ይሆናል፤ ቺፕዋ ይህ ቁጥር ነው ወይ ብላ አንዴ ብትጠይቅ ይበቃታል።

«ዳባት ወራጅ የለም?» አለ ሹፌሩ።

ሁለት ጊዜ ከተጣራ በኋላ ነው የሰማሁት።

ለአባቴ ያን ቀን ምንም አልነገርኋቸውም። መድኃኒቱን ሰጥቼ ባርከውኝ ተመለስሁ። ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ መብራት ሳይጠፋ ብዬ፣ ላቦራቶሪውን ከፍቼ ገባሁ። ያን ትልቅ ክፍል አጠፋሁት። የዘጠኙን ክፍል አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ሰብስቦ ሲጨርስ ገብቷል አለ። ቦታም ተረፈ።

ባልደረባዬ መጥቶ አየ። «እንዴ! ይሄ ሁሉ ባዶ? መዝሙር ጨምሪበት እንጂ።»

«ባዶ ይሁን» አልሁ።

እርሱ ሻዩን ይዞ ሲወጣ በራሴ ስም ሳይሆን የአባቴን ስመ ክርስትና በልቤ ጠርቼ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ማታ ቤት ስገባ ስምንተኛ ክፍል ያለችው ልጄ እንድትፈትንልኝ ለመንኋት።

«እማዬ፣ ይሄኮ በስልክ በነጻ ይወርዳል።»

«አያትሽ ስልክ አይፈልጉም።»

«አውቃለሁ፤ ባለባጃጁ ይፈልጋቸዋል» አለችና ዓይኗን በሻሽ አሠረች። ቁልፉን ተጫነች። ከንፈሯ ይቆጥራል። «አንድ ረዥም። ከዚያ አንድ፣ ሁለት። የሌሊት ሁለት ሰዓት!» ሻሹን ፈታ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሁለት ሰዓት ካምስት ነበር። ከዚያ በኋላ ከእጇ ለማስለቀቅ ተቸገርሁ።

ለአባቴ እንዲመች ከተረፈ ቆዳ ትንሽ ማኅደር ሰፋሁለት፤ የዳዊት ማኅደር ይመስላል፣ ግን ከመዳፍ አይበልጥም። ማንገቻ አደረግሁለት። በጾሙ ዋዜማ ወስጄ አንገታቸው ላይ አጠለቅሁላቸው።

ዳሰሱት። አገላብጠው ዳሰሱት።

«ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። «ስንቱን ገበሬ ክታብህን ፍታ ስል ኖሬ፣ በስተርጅና ቄሱ ራሳቸው ክታብ አሰሩ ሊሉኝ ነው።»

«ይጫኑት አባዬ።»

ተጫኑት። ማኅደሩ በእጃቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የወንድሜ ሚስት ወደ ኋላ አለች። «ኸረ አባ! ይሄስ ከክታብም የባሰ ነው፣ ነፍስ አለው!»

«ጠንቋይዋ ልጄ ናት» አሉ አባቴ። «ለእርሷ ንስሐ እሰጣታለሁ። ዝም በይ፣ እየቆጠርሁ ነው።» ጣታቸው በመቁጠሪያው ላይ አንድ በአንድ ይሄዳል። ሲያበቃ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ዐሥር ሰዓት። የቀን።»

«አዎ።»

«በእኛ ነው የሚቆጥር?»

«በእኛ ነው።»



ይህን ስጽፍ ገና አልፏል። አባቴ ልደትን በእግራቸው ሄደው አስቀድሰው ፈስከዋል፤ ክብር ለእርሱ ይሁን። የወንድሜ ልጅ እጃቸውን ይዛ መራቻቸው እንጂ ማንም አልደገፋቸውም። እኔ ግን ዘወትር የማስበው የጾሙን የመጀመሪያ ዓርብ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ትምህርት ስላልነበረኝ በጊዜ ወጣሁ። መንደር ስደርስ ወንድሜና ሚስቱ ከአውድማ ናቸው፤ ገብስ ይወቃሉ። አባቴ ብቻቸውን ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ምግባቸው ከጎናቸው ተከድኗል።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ግቢ። ተቀመጪ። ዳዊት ላይ ነኝ።»

ተቀመጥሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ከደጋው በኩል ጉም ወርዶ ፀሐይዋን ሸፍኗታል፤ ደጁ እንደ ማለዳ ሆኗል። የክንዴን ሰዓት አስቀድሜ ፈትቼ ከኪሴ ከትቼው ነበር። እንዲያ ያደረግሁት እያየሁ እንዳልጨነቅ ነው፤ ሳላይም ተጨነቅሁ። በላቦራቶሪው ውስጥ ስንት ጊዜ ፈትኜዋለሁ። ነገር ግን ብየዳው ቢለቅስ? ባትሪው ቢላላስ? ዛሬ ዝም ካለ አባቴ ይጠብቃሉ፤ እስኪመሽ ይጠብቃሉ። ነገም ከነገ ወዲያም። ዳግመኛ ደግሞ ምንም ብሰጣቸው አያምኑትም።

አባቴ ማኅደሩን አልነኩትም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ዳዊቱ በዝግታ ይወርዳል። ከአውድማው በኩል የወንድሜ ድምፅ በሬዎቹን ሲነዳ ይሰማል።

እግሬ ደነዘዘ። አልተንቀሳቀስሁም።

ከዚያ ከቀሚሳቸው በታች፣ ከደረታቸው ላይ፣ ንብ በአበባ ውስጥ እንደምታደርገው ያለች ድምፅ ሰማሁ። ረዥም ናት። ቆመች። አንድ ጊዜ ደገመች።

አባቴ የያዙትን መዝሙር አላቋረጡም። እስከ መጨረሻው አደረሱት። አማተቡ። ከመደቡ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞሩና የዘጠኝ ሰዓቱን ጸሎት በቁማቸው ጸለዩ፤ ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበትን ሰዓት። እኔም ከኋላቸው ቆምሁ። ሰገዱ። ሲነሡ ክንዳቸውን ያዝሁና አስቀመጥኋቸው።

እጄ ሳላዝዘው ወደ ኪሴ ገባ። ቁልፍና ሳንቲም ተንኳኳ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ አባቴ።

«ሰዓቴን። ልክ መሆኑን ልይ ብዬ።»

«ነግሮኝ የለ እንዴ!» አሉ፣ ቆጣ ብለው። «ምግቡን ክፈችው። ርቦኛል።»

ክዳኑን አነሣሁ። ባረኩት፣ ቆረሱት። የመጀመሪያውን ወደ እኔ ዘረጉ። እጃቸው በአየር ላይ ትንሽ ፈለገኝ፣ ጉንጬን ነካ፣ አፌን አገኘ።

ሰዓቴን ከኪሴ አላወጣሁትም።